ለአምጪው የሚከፈል ግጥም

ቼክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተቀባዩ ስም በግልጽ ሰፍሮበት ለዚያ ሰው ብቻ የሚከፈል ነው፤ ሌላው ስም ሳይኖርበት ለአምጪው የሚከፈል ነው። ይህ ሁለተኛው መንገድ ላይ ቢወድቅ ያነሣው ሁሉ ይመነዝረዋል። እኔ ሰርቦ ላይ ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ይህን ልዩነት ስጠብቅ እውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም አነባለሁ፤ ሲሆንልኝም እጽፋለሁ። በጦር ሜዳ ስለ ወደቁ መኮንኖቻችን ከሚጻፈው ግጥም አብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ነው ብል የሚቀየመኝ ገጣሚ እንደሚበዛ ዐውቃለሁ። ይቀየመኝ።

ክሴን በባዶው እንዳላቀርብ ምሳሌ ላስቀድም። የሚከተሉትን አራት ስንኞች አንድ እስር ብር ቆጥሬ በላስቲክ እስካስር ባለው ጊዜ ውስጥ ደረደርኳቸው፤ ከማንም አልወሰድኳቸውም፤ ግን የማንም ቢባሉ የሚጠራጠር አይኖርም።

ነብር የነብር ልጅ አንበሳ ያንበሳ፣
ጠላትን ያራደ ሲያገሳ ሲያገሳ፣
ደሙን ላገር ሰጥቶ በክብር ያረፈው፣
ስሙን በወርቅ ቀለም ታሪክ የሚጽፈው።

ቤቱ ይመታል፤ ምጣኔውም ብዙ አያነክስም። መድረክ ላይ በበገና ታጅቦ ቢነበብ ያስጨበጭባል። አሁን እስቲ ይህን ግጥም ወስዳችሁ በኦጋዴን በረሃ በ1928 ዓ.ም. ለሞተው ለግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ስጡት፤ ይቀበለዋል። በኮሪያ ተራሮች ላይ ከወደቁት ከ120 በላይ የቃኘው ሻለቃ ሰዎች ላንዱ ስጡት፤ ይቀበለዋል። ትናንት በሰሜን ለሞተው መቶ አለቃም ይሆናል። ይብስ ብሎ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ወዲያ ማዶ ሆኖ ሊወጋን መጥቶ ለሞተው የጣሊያን መኮንን ብትሰጡትም አንድ ፊደል መለወጥ አያስፈልጋችሁም። ስሙን ታሪክ በወርቅ ቀለም ይጽፈዋል እያለ የሚምለው ግጥም ራሱ ስሙን በእርሳስ እንኳ አልጻፈውም!

እንግዲህ ሟቹ በዚህ ግጥም ውስጥ የት አለ?

ከላይ የጠራሁትን አፈወርቅን እናንሣ። ብዙው አንባቢ ስሙን በማዕረጉ ሰምቶት ይሆናል፤ «ደጃዝማች አፈወርቅ»፣ የቆራሄው ጀግና። (አንተ እያልኩ ስለ እርሱ መጻፌን እንደ ድፍረት አትቁጠሩብኝ፤ ፉከራም ሙሾም ጀግናን አንተ ነው የሚሉት።) ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ደም ከፈሰሰ በኋላ ጦርነቱ እንደማይቀር ለሁሉም ግልጽ ነበር። አፈወርቅ በኦጋዴን ቆራሄ ላይ የተቀመጠውን ጦር ያዝዝ ነበር። ቆራሄ ተራ መንደር አልነበረችም። ሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሐሰን እንግሊዝን ሲዋጋ በኖረበት ዘመን ምሽግ ያቆመባት፣ ውሃ ያለባት፣ በዚያ ምድረ በዳ ለሚያልፍ ጦር ሁሉ ቁልፍ የሆነች ቦታ ናት። አፈወርቅ ሰዉን ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ሥርዓት አስያዘ። የለንደኑ የታይምስ ጋዜጣ ወኪል ጆርጅ ስቲር ጦርነቱ ሳይጀመር እዚያ ድረስ ወርዶ አይቶታል። የዚህ ሰው መልክና አያያዝ ተጽፎ የቆየን በአብዛኛው ከዚያ የባዕድ ሰው ብዕር ነው፤ ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ። በጥቅምት መጨረሻ የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ቆራሄን ቀን ከቀን ደበደቧት። ለምሽጉ የነበረችውን ፀረ አውሮፕላን መድፍ አፈወርቅ ራሱ ይዞ ይተኩስ ነበር። የቦምብ ፍንጣሪ መታው፤ ክፉኛ ቆሰለ። ወደ ኋላ ሄደህ ታከም ተባለ፤ እንቢ አለ። ለምን እንቢ እንዳለ መገመት አያስቸግርም፤ አለቃቸው በቃሬዛ ሲሄድ ያየ ጦር በዚያ ሰማይ ሥር እንደማይቆም ዐውቆ ነው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ጋንግሪን ሆነ፤ ምሽጉ ውስጥ ሞተ። የፈራውም ደረሰ። እርሱ ሲሞት ጦሩ ምሽጉን ለቀቀ፤ ጣሊያኖች ሲደርሱ የገቡት ሰው በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ነው።

በኅዳር ንጉሠ ነገሥቱ በአውሮፕላን ወደ ጅጅጋ መጡ። ለሟቹ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጡት። ቀኛዝማችነትንና ፊታውራሪነትን ዘልሎ፣ በሕይወት ያለ ሰው በስንት ዘመን አገልግሎት የማያገኘውን እርከን በአንድ ጊዜ ወጣ። በዚያው ጉዞ ከግንባር የሸሹ አለቆች ለፍርድ ቀርበው ተቀጡ። ሽልማቱና ቅጣቱ በአንድ አደባባይ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ግጥሙ እንመለስ። አንበሳን ጋንግሪን አይዘውም። አንበሳ ሐኪም ያለበት ቦታ ሩቅ ነው፣ ብሄድ ይሻላል ብቀር ይሻላል ብሎ ሌሊቱን አያድርም። አንበሳ ያሉትን እኔ ከሌለሁ ይበተናሉ ብሎ አይሰጋም። የአፈወርቅ ጀግንነት ያለው እዚያ ላይ ነው፤ መድፉን ሲተኩስ ብቻ አይደለም፣ ቆስሎ ተኝቶ አልሄድም ባለበት ሰዓት ነው። እናም ያ ሰዓት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ጦር ሁሉ ባንድ ሰው ገላ ላይ ተደግፎ ሲቆም፣ ያ ሰው ጀግና ነው ማለት ብቻ ይበቃል ወይስ ያን ጦር እንዲያ አድርጎ ያቆመውን ሥርዓት መጠየቅም አለ? ታክሞ ቢመለስ ኖሮ ከማዕረጉ ይልቅ ለአገሩ ይጠቅም አልነበረም ወይ? በጅጅጋ የተቀጡትስ አለቆች ፈሪዎች ብቻ ነበሩ ወይስ ከላያቸው ሰማዩን የሚጠብቅላቸው ያጡ ሰዎች? እነዚህን ጥያቄዎች ማንሣት አፈወርቅን ማሳነስ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ አፈወርቅን ሳይሆን ደጃዝማችነቱን ነው የሚወደው።

ማዕረግና ሜዳይ የመንግሥት ሥራ ነው፤ አልነቅፈውም። መንግሥት ሰውን በደረጃና በመዝገብ ነው የሚያውቀው፤ ለቤተሰቡም ክብርና መተዳደሪያ ይሆናል። የገጣሚ ሥራ ግን ሌላ ነው ብለን የምናምን ከሆነ፣ ገጣሚው ሜዳዩን በስንኝ ገልብጦ መልሶ ሲያቀርብልን ምን ሠራ እንበል? በተሰጠው ማኅተም ላይ ሌላ ማኅተም መታ እንጂ።

«ባህላችን ነው» የሚል መልስ ሲሰነዘር ሰምቻለሁ። ጀግናን በአንበሳና በነብር ማወደስ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው ይላሉ። ይህን ክርክር አልቀበለውም፤ የአባቶቻችንን ሙያ በትክክል የሚገልጽ አይደለምና። ፊደል ያልቆጠረችው አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው? ትጠይቃለች። የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የት እንደ ወደቀ፣ ማን ከጎኑ እንደ ነበረ፣ ምን ዓይነት ነፍጥ እንደ ያዘ፣ ውጅግራ ነው ወይስ ምንሽር፣ ምን ተናግሮ ከቤት እንደ ወጣ፣ ማንን አግብቶ ማንን እንደ ተወ ትጠይቃለች። ከዚያ ነው የምታወርደው። እህቱ ደረቷን የምትደቃው «አንበሳ» ሲባል አይደለም፤ በቅሎው ባዶዋን መጣች ሲባል ነው። አንዷ አልቃሽ ለአንዱ ሟች ያወረደችው ሙሾ ለጎረቤቱ ሟች አይሆንም፤ ቢሞከር ለቀስተኛው ይታዘባል። በዚህ በእኛ አገር ደግሞ ጌረርሳ የሚያዜመው ኦሮሞ የሠራውን የሚቆጥረው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው፤ ያልዋለበትን ውያለሁ ቢል አብሮት የዋለው እዚያው ተቀምጧል። እዚህ የፈረስ ስም እንኳ እስከ ዙፋን የደረሰ ነገር ነው። ጅማን በስሙ የምንጠራበት አባ ጅፋር በፈረስ ስሙ ነው የሚታወቀው። እንግዲህ ወረስን ስንል የወረስነው አንበሳውን ብቻ ነው፤ በቅሎዋንና ፈረሱን መንገድ ላይ ጥለናቸዋል።

እናም ይህ ነገር ለእኛ፣ ለጅማና ለአካባቢዋ ሰዎች፣ ሩቅ የኦጋዴን ነገር እንዳይመስለን ወደ ቅርቡ ልምጣ። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደውን መንገድ የተጓዘ ሁሉ ጎጀብን ተሻግሯል። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ተከበው እጃቸውን የሰጡት በዚያ ወንዝ ላይ ነው። በዚህ ወር እዚህ ቡና እየተለቀመ፣ በየአልጋው ላይ እየተሰጣ፣ ባንካችንም በነጋዴና በለቃሚ ተጨናንቆ ነው የሚውለው፤ ታኅሣሥ ሲመጣ ጎጀብን የሚያነሣ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከራስ እምሩ ጋር የነበሩት እነማን ናቸው? በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይገኙባቸዋል። በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበር የሚያስተምሯቸው። አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የመጡ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ፣ ገና ጢማቸው ያላቀረቀረ ልጆች ነበሩ። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ሠራዊቱ ሲሸነፍ እነርሱ ጣርማ በርን እንዲጠብቁ ተላኩ። ሚያዝያ 27 ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ከፊሎቹ ወደ ምዕራብ ወጡ፤ ወለጋ ላይ ከተማሩ ሲቪሎች ጋር ሆነው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሊቀ መንበራቸው ነበር፤ በላይ ኃይለአብና ክፍሌ ናሲቡ ከጦር መሪዎቻቸው ነበሩ።

ያቋቋሙት ማኅበር ስም አንበሳ ነው፤ አዎ፣ ቃሉን እነርሱም ወድደውታል። ነገር ግን ከስሙ ሥር ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ! የሲቪሉ ሥልጣን ከወታደሩ በላይ ይሁን አሉ። ገበሬው አይበደል አሉ። የተማረከ ጠላት በሰብዓዊነት ይያዝ አሉ። አገር በተወረረችበት፣ መንግሥት በሌለበት፣ ስንቅ በሌለበት ጫካ ውስጥ ተቀምጠው ይህን የጻፉ ወጣቶች በየትኛው ግጥማችን ውስጥ አሉ? እኔ ገጣሚ ነኝ የምል ሰው በበኩሌ ከአንድ ሺህ ፉከራ ይልቅ ገበሬው አይበደል የምትለዋ አንቀጽ ታስቀናኛለች።

በሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች አረፉ። ልጆቹ በሌሊት ደርሰው አቃጠሏቸው፤ ጄኔራል ማሊዮኮና ዝነኛው አውሮፕላን ነጂ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ከነባልደረቦቻቸው ሞቱ። ሎካቴሊ በ1910 ዓ.ም. ከገጣሚው ከዳኑንዚዮ ጋር እስከ ቪየና በርሮ ወረቀት የበተነ፣ በአገሩ የወርቅ ሜዳይ የተሸለመ ሰው ነው፤ ከቦነያ በኋላም ጣሊያን ሌላ የወርቅ ሜዳይ ደረበለት። እርሱን ላጠፉት ለሆለታ ልጆች የደረሳቸው ምንድን ነው? ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ጎጀብ ላይ ተከበቡ። ራስ እምሩ የሰዎቻቸው ሕይወት እንዲተርፍ ተስማምተው እጃቸውን ሰጡ። እርሳቸው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ግን የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ተለቅሞ ሲገደል፣ በጎጀብ እጃቸውን ከሰጡት ጥቁር አንበሶች ብዙዎቹ ተረሸኑ። ሜዳይ የሚሰጣቸው መንግሥት በስደት ላይ ነበር።

ስማቸው ቀርቷል እንዳይባል ቀርቷል። ከአብዮቱ በፊት በልዑል መኮንን ስም ይጠራ የነበረው የአዲስ አበባው ትልቁ ሆስፒታል ዛሬ ጥቁር አንበሳ ይባላል። ከዚህ ከእኛ አካባቢ በሽታው የጠናበት ሰው «ጥቁር አንበሳ ጻፉልኝ» ብሎ ይሄዳል፤ ይድናል ወይም አይድንም። በዚያ ስም ውስጥ ያሉትን የሃያ ዓመት ልጆች ግን የሚያስታውሳቸው የለም፤ ማንም ሲሰማው አውሬው ነው የሚታየው። ቃሉ ልጆቹን ዋጣቸው። ቅድም ስለ ለአምጪው ቼክ ያልኩት ይኸው ነው፤ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ የተከፈለው ግን ለባለቤቱ አይደለም።

ይህ የእኛ ሕመም ብቻ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። እንግሊዞችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ ያው የአምጪ ግጥም ነበራቸው፤ ክብር፣ መሥዋዕት፣ የተቀደሰ አፈር የሚል። ያን ያስጣሏቸው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰላም ሰባኪዎች አይደሉም። ዊልፍሬድ ኦዌን የተባለ የእግረኛ ጦር መኮንን ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1918 በውጊያ ላይ ላሳየው ጀግንነት የጦር መስቀል ሜዳይ የተሰጠው፣ በወሩ ኅዳር 4 ቀን ቦይ ሲያሻግር የተገደለ። ዕድሜው 25 ነበር። ጦርነቱ ሊቆም ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ የሞቱ ቴሌግራም እናቱ ዘንድ የደረሰው የሰላም ደወል በሚደወልበት ቀን ነው። ይህ ሰው ስለ ወታደር ሲጽፍ ስለ ሳል ጻፈ፤ ስለ ጭቃ፣ ስለ መርዝ ጋዝ፣ ስለ ተቀደደ ጫማ ጻፈ። ፈሪ ነህ የሚለው ሰው እንዳይኖር ጀግንነቱ በሜዳይ ተመስክሮለታል። ጀግንነትን በዝርዝር መጻፍ ጀግንነትን መካድ ነው ለሚሉ ወገኖች ከኦዌን የተሻለ መልስ የለኝም።

እኛስ ዝርዝሩን ማን ጻፈልን? ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር ይህ ነው። አፈወርቅን ስቲር ጻፈልን። በሰሜን ግንባር የዋሉትን አባቶቻችንን የቼኩ ተወላጅ አዶልፍ ፓርለሳክ ጻፈልን፤ በተጫነ ጆብሬ መኮንን ትርጉም «የሐበሻ ጀብዱ» ሆኖ ሲመጣ አንባቢው እንዴት እንደ ተሻማበት ታስታውሳላችሁ። ሰው የተሻማው አዲስ አንበሳ አግኝቶ አይደለም። የሚራብ፣ የሚቀልድ፣ የሚቆጣ፣ የሚፈራም የሚደፍርም ሐበሻ አግኝቶ ነው። እንግዲህ አንባቢው ዝርዝር አይወድም የሚባለው ነገር ሐሰት ነው። አንባቢው ከገጣሚዎቹ ቀድሟል።

አንድ የማከብረው መቃወሚያ አለ። ዝርዝር መጻፍ ያስፈራል ይላሉ። እውነት ነው፤ ያስፈራል። ከእኛ በስተምዕራብ ከኢሉባቦር የወጣው በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። የቀይ ኮከብን ዘመቻ በቅርብ ካየው ሰው ዓይን ጻፈው፤ ሰው ሁሉ ገጸ ባሕርያቱን እያየ እገሌ ነው እገሌ ነው አለ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ይህን የሚያውቅ ገጣሚ «አንበሳው ጀግናችን» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። አንበሳ ማንንም አያስቀይምም። የት ሞተ ካላልክ ማን ላከው አይባልም፤ በምን ሞተ ካላልክ ማን ሳያሳክመው ቀረ አይባልም። የአምጪ ግጥም የሚወደደውም ለዚሁ ነው፤ ለገጣሚው መጠለያ ነው። እንግዲያውስ ስሙን በስሙ እንጥራው። ፍርሃት ነው፤ ፍርሃትነቱ ይገባኛል። ግን ፍርሃታችንን የጀግና ውዳሴ ብለን ስንሰይመው፣ ያውም ባልፈራ ሰው መቃብር ላይ፣ ያን አልችለውም።

ሌላው መቃወሚያ ደካማ ነው፤ ያዘነ ሰው ማጽናኛ እንጂ ዝርዝር አይሻም የሚለው። ይህን የሚሉ ሰዎች ከሟች ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብለው የሚያውቁ አይመስለኝም። በሰሜኑ ጦርነት፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ ከዚህም ከዚያም ወገን የወጡ ስንት ወጣቶች እንዳልተመለሱ አገር ያውቃል። ከእኛ አካባቢም የሄዱ አሉ። የሟች ወላጅ የጡረታ ጉዳዩን ይዞ ወደ መስኮቴ ሲመጣ ወረቀቱን ከፕላስቲክ ውስጥ ቀስ ብሎ ያወጣዋል። ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስም አለ፤ እስከ አያት። ማዕረግ አለ። የመለያ ቁጥር አለ። እኔ የሚያስፈልገኝ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ብቻ ነው፤ ወላጁ ግን ያወራኛል። ሰልፉ ረዝሞ ከኋላ የቆመው ሰው እያጉረመረመ ያወራኛል። ልጄ ጀግና ነበር አይለኝም። ቡና ለቀማ ላይ ከሁሉ ፈጣን እንደ ነበር፣ ለእህቱ ጫማ ልኮላት እንደ ነበር፣ መጨረሻ የደወለ ጊዜ መስመሩ እየተቆራረጠ ምን እንዳለ ሳይሰማ እንደ ቀረ ነው የሚነግረኝ። እነዚህ ሰዎች አልቃሿ ጠይቃ የምታውቀውን ነገር ሳይጠየቁ ነው የሚናገሩት። ለማን ይናገሩ? በየመድረኩ ስለ ልጃቸው የሚነበበው ግጥም ውስጥ ጫማ የለም። እህት የለችም። ከግጥሙ ይልቅ የጡረታው ወረቀት ለሟቹ ታማኝ ሆኖ መገኘቱ የገንዘብ ቤት ሠራተኛ ለሆንኩት ለእኔ ኩራት ሊሆን ይችላል፤ ገጣሚ ለሆንኩት ለእኔ ግን ውርደት ነው።

ነገሩ አንገብጋቢ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አፈወርቅን የጻፈው ስቲር ነበር፤ የጥቁር አንበሳንም ልጆች ዘግይተውም ቢሆን የታሪክ ምሁራን ደረሱላቸው። የዛሬዎቹ እናቶች ግን አሁን በሕይወት አሉ፤ የሚናገሩት አሁን ነው። አብረው የዋሉ ጓዶችም አሉ፤ ከዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግማሹን ይረሱታል፤ ግማሹን ደግሞ ከግጥሙ በሰሙት አንበሳ ይተኩታል። ይህንንም አይቻለሁ። ሽማግሌ ዘማቾች የራሳቸውን ውሎ ሲያወሩ የሬዲዮ ፉከራ አፋቸው ውስጥ ይገባና የሆነውን ነገር ከሥሩ ያጥበዋል።

እና ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ብዙ አልጠይቅም። ይህን ገጽ የምታዘጋጁ ወዳጆቼ፣ ከእንግዲህ በጦር ሜዳ ስለ ወደቀ ሰው ግጥም ሲላክላችሁ አንድ ነገር ብቻ ፈትሹ። ስሙን ፍቁትና ሌላ ስም ተኩበት። ግጥሙ ሳይናጋ ከቆመ መልሱለት። እኛ ባንክ ቤት ፊርማው የማይመሳሰል ወረቀት ስንመልስ ደንበኛው ይቆጣል፤ ግን ይመለሳል፣ አስተካክሎም ያመጣል። ገጣሚውም ቢቆጣ ይቆጣ። ሄዶ እናቱን ይጠይቅ፤ ጓዱን ይጠይቅ፤ ምን ይበላ እንደ ነበር፣ በምን ይስቅ እንደ ነበር፣ ቁስሉ የት ላይ እንደ ነበር ይጠይቅ። ስም መጥራት የሚያስፈራ ከሆነ ስሙን ይተወው፤ ጫማውን ግን ይጻፍ። ሰው በጫማው ይታወቃል።

በመጪው የካቲት 12 እንደ ልማዱ በየአዳራሹ ግጥም ይነበባል። እስከዚያ ጊዜ አለን። መጀመሪያውን መጻፍ የሚፈልግ ካለ ከቆራሄ ይጀምርልኝ፤ መድፏ አለች፣ ፍንጣሪው አለ፣ ሂድና ታከም እያሉ የሚለምኑት ሰዎች አሉ፣ እንቢታው አለ። ደጃዝማች የምትለዋን ቃል ግን ግጥሙ ውስጥ አያስገባብኝ። ሲሞት ግራዝማች ነበረ።